ከገዳሪፍ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ

መንገድ ሰውንና ዕቃን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለማድረስ ብቻ የሚያገለግል ነገር አይደለም። ተጓዡ ዓይኑን ገልጦ ከተመለከተና ያየውንም ነገር ምክንያት ከመረመረ፣ መንገድ ራሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ይሆንለታል። በመልክዐ ምድራቸው ውበት የታወቁና ብዙ አገር ጎብኚዎች መኪና እያሽከረከሩ የሚጓዙባቸው የባሕር ዳር መንገዶች በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ይገኛሉ። በኢጣሊያ አገር በአማልፊ ዳርቻ ላይ የሚያልፈው ጠመዝማዛ መንገድ አንዱ ምሳሌ ነው። በአፍሪካ ቀንድም ከአሥመራ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ተጓዡን ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ያደርሰዋል። ከነዚህ ጋር ሊቆጠር የሚገባው፣ ነገር ግን ያን ያህል ያልተነገረለት መንገድ፣ በምሥራቅ ሱዳን ከገዳሪፍ ተነሥቶ በከሰላ በኩል ወደ ስዋኪንና ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው ነው።

ይህ መንገድ ካርቱምን ከፖርት ሱዳን ጋር የሚያገናኘው የ1,190 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አውራ ጎዳና ክፍል ነው። አውራ ጎዳናው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጠናቀቀ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከገዳሪፍ እስከ ወደቡ ያለው ርቀት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ርቀት ውስጥ ተጓዡ ጥቁር አፈር የለበሰውን የእርሻ ሜዳ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች የሚወርዱትን ወንዞች፣ ራሰ በራ የድንጋይ ተራሮችን፣ በረሃውን፣ ጉም የሚጎበኘውን ኮረብታና በመጨረሻም ባሕሩን በተራ ያያል።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ ዋልካ ወይም መረሬ በሚባለው ከባድ ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በበጋ ወራት እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጭቃው እግርንም ጎማንም ይይዛል። በመኪና መሣሪያ የሚካሄደው ሰፊ እርሻ በዚህ አካባቢ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ዓላማው በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር እህል ማቅረብ ነበር። በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ኡም ጋርጉር ይገኛል። ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከጎንደር በመተማና በጋላባት አድርጎ የሚመጣው መንገድ ገዳሪፍ ይደርሳል። ስለዚህ ይህች ከተማ ደጋና ቆላ፣ ገበሬና ነጋዴ፣ ነባርና ስደተኛ የሚገናኙባት መስቀለኛ ስፍራ ናት።

ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ከአትባራ ወንዝ ሸለቆ ይደርሳል። አትባራ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ወንዝ አይደለም። መነሻው ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከፍተኛ ቦታ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የላይኛው ክፍሉ ጓንግ ይባላል። ትልቁ ገባሩም ተከዜ ነው፤ ይኸውም ወደ ሱዳን ሲሻገር ስሙን ለውጦ ሰቲት ይሆናል። አትባራ ከዓባይ ጋር የሚቀላቀል የመጨረሻው ገባር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ዓባይ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ የሌላ ወንዝ እርዳታ አያገኝም። በክረምት ወራት የደጋውን አፈር ጠርጎ እየደፈረሰና እየጮኸ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ኃይሉ ይደክምና በአሸዋው መካከል የውሃ ኩሬዎች ብቻ የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

በዚህ ወንዝ ላይ በኸሽም አል ጊርባ የተሠራው ግድብ በ1964 ተጠናቀቀ። የግድቡ ታሪክ ከሩቅ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። በግብፅ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ፣ ወደ ኋላ የተኛው ውሃ በሰሜን ሱዳን የነበረውን የዋዲ ሐልፋን አካባቢ ስለ ሸፈነው፣ ወደ 50,000 የሚጠጉ ኑብያውያን የአባቶቻቸውን መንደርና የተምር ዛፎቻቸውን ትተው እንዲወጡ ግድ ሆነ። የሰፈሩትም ከኸሽም አል ጊርባ ግድብ በሚጠጣው ሜዳ ላይ ሲሆን፣ አዲሱን ከተማ አዲስ ሐልፋ ብለው ጠሩት። አንድ ወንዝ የተነሣበትን ሕዝብ ሌላ ወንዝ ተቀበለው ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ከዚህ በላይ በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት መንትያ ግድቦች ተመረቁ።

ከሰላ ገና ከሩቅ ትታወቃለች። ምክንያቱም ሜዳው ላይ ተጓዡ የታካን ተራሮች እንደ ግዙፍ የእህል ክምር ተደርድረው ያያቸዋልና ነው። እነዚህ ተራሮች ከግራናይት ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩ ከብዙ ዘመናት በፊት በመሬት ውስጥ ቀልጦ የረጋ ሲሆን፣ በላዩ የነበረውን ለስላሳ አፈርና ድንጋይ ዝናብና ነፋስ ጠርገው ስለ ወሰዱት ጠንካራው ክፍል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ጎኑ ለስላሳና ክብ የሆነውም ሙቀትና ቅዝቃዜ በየጊዜው እየተፈራረቁ የላይኛውን ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስለሚልጡት ነው። በተራሮቹ ግርጌ የኸትሚያ መስጊድ ይገኛል፤ ብዙ ምእመናንም ይሳለሙታል።

ከተማይቱን አረንጓዴ ያደረጋት የጋሽ ወንዝ ነው። ይህ ወንዝ በኢትዮጵያና በኤርትራ መረብ በመባል ይታወቃል። ውሃ የሚኖረው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ በቀረው ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከከሰላ በስተ ሰሜን በሜዳው ላይ ተበትኖ እዚያው ስለሚሰርግ ባሕር አይደርስም። ነገር ግን በአሸዋው ሥር የሚቀመጠው ውሃ ጉድጓዶችን ስለሚሞላ፣ የከሰላ ገበሬዎች ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ማንጎና ሽንኩርት እያመረቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ይልካሉ። ይሁን እንጂ ጋሽ የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። በ2003 ከወሰኑ አልፎ ከተማይቱን ባጥለቀለቀ ጊዜ እጅግ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። የከሰላ ሰው ወንዙን የሚወደውም የሚፈራውም ስለዚህ ነው።

በተራሮቹ ሥር ቶቲል በሚባለው ስፍራ ጎብኚዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ቡናው ዝንጅብል ተጨምሮበት በትንንሽ ሲኒ ይቀርባል፤ የሚፈላበትም ዕቃ፣ ቡናውም ራሱ እንደ ኢትዮጵያ ጀበና ይባላል። በዚህ አካባቢ ከሚኖሩት ሕዝቦች መካከል ቤጃዎች ዋነኞቹ ናቸው። ሐደንደዋ፣ አማርአርና ቢሻሪን የሚባሉት ነገዶች ከነርሱ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ቤኒ አምሮች በሱዳንና በኤርትራ በሁለቱም በኩል ይኖራሉ። የቤጃ ቋንቋ ከኦሮምኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከሶማሊኛና ከአገውኛ ጋር የኩሽ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። ኑሯቸው በአብዛኛው ከግመል፣ ከበግና ከፍየል እርባታ ጋር የተያያዘ ነው።

ከከሰላ ወደ ሰሜን ሲኬድ እርሻው እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ይጠፋል። እዚህም እዚያም ከቆሙ የግራር ዛፎችና በደረቁ የጎርፍ መውረጃዎች ዳር ከበቀሉ ቁጥቋጦዎች በቀር የሚታይ ልምላሜ የለም። ከመንገዱ ጋር የባቡር ሐዲድ አብሮ ይጓዛል። ከሐያ ተገንጥሎ የመጣው ይህ ሐዲድ በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ደግሞ ሰናር ደረሰ። ሐያ ከፖርት ሱዳን ወደ ውስጥ አገር የሚገቡት ሁለት የሐዲድ መስመሮች የሚለያዩባት ጣቢያ ናት። ከመኪና መንገዱ መሠራት በፊት የገዳሪፍ ሰሊጥና ሙጫ ወደ ባሕር የሚደርሰው በዚህ ሐዲድ ነበር፤ አውራ ጎዳናው ከተከፈተ በኋላ ግን አብዛኛው ጭነት በከባድ መኪና መጓጓዝ ጀመረ።

በዚህ በረሃ መኪና ማሽከርከር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በበጋው ሐሩር ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሆን፣ ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ከንጋት በፊት ይነሣሉ፤ ቀትር ላይ ጥላ ፈልገው ያርፋሉ። ለሰውም ለመኪናውም የሚበቃ ውሃ፣ እንዲሁም ትርፍ ጎማ ሳይዙ አይንቀሳቀሱም። ሌሊት ግመሎች በአስፋልቱ ላይ ስለሚቆሙ ከጨለማ በኋላ በፍጥነት መንዳት አደገኛ ነው። አቧራ የተሸከመ ነፋስ ተነሥቶ መንገዱን ሲጋርድ ከመንገዱ ወጥቶ ቆሞ ማሳለፍ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን ደረቅ መስሎ የሚታየውን የጎርፍ መውረጃ መናቅ አይገባም። ዝናቡ ሩቅ በሆነ ተራራ ላይ ዘንቦ፣ ፀሐይ በወጣችበት ሜዳ ላይ ጎርፉ በድንገት ሊደርስ ይችላልና።

ከሐያ በኋላ መንገዱ ወደ ቀይ ባሕር ተራሮች ይገባል። እነዚህ ተራሮች ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግተው እንደ ግንብ የቆሙ ናቸው። በሲንካት አቅራቢያ የምትገኘው ኤርኮዊት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን ሹማምንት ከሙቀት ሸሽተው የሚያርፉባት ስፍራ ነበረች። ኤርኮዊትን የሚያስደንቀው ጉሙ ነው። በብርድ ወራት ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ወደ ጉምነት ይለወጣል፤ በቅጠሎች ላይ የሚያርፈው ጤዛም ዝናብ በማይበቃበት አገር ዛፎችን አረንጓዴ አድርጎ ያኖራል።

ከዚህ የተነሣ ይህ አካባቢ ሁለት የተለያዩ የዝናብ ወቅቶች አሉት። በገዳሪፍና በከሰላ ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በባሕሩ ዳርቻ ግን ያ ወቅት እጅግ የሚሞቅበትና የሚደርቅበት ሲሆን፣ ጥቂቱ ዝናብ የሚጥለው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በመሆኑም የቤጃ ከብት አርቢዎች ወቅቱን ተከትለው ከተራራው አንድ ጎን ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ለጎብኚም ቢሆን የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው።

ከተራሮቹ ወደ ባሕሩ የሚወስደው ቁልቁለት የጉዞው እጅግ ውብ ክፍል ነው። መንገዱ በጥቋቁርና ቀያይ ድንጋዮች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የከባድ መኪና አሽከርካሪ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት፤ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ ከረገጠ ይግልና መያዝ ይሳነዋል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጠፍ ሜዳ ይቀበለዋል፤ ከሜዳው ማዶ ሰማያዊው ባሕር ይታያል።

መጀመሪያ የሚገኘው ከተማ ስዋኪን ነው። አሮጌው ስዋኪን በባሕር ሰርጥ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ክብ ደሴት ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ቱርኮች ይዘውት፣ ሐበሻ ብለው በሰየሙት ግዛት ውስጥ ከምጽዋ ጋር አጠቃለሉት። ለብዙ መቶ ዓመታት ከውስጥ አገር የሚመጣው የዝሆን ጥርስና ሙጫ፣ በግፍ የሚነዱት ባሪያዎችም፣ በዚህ ወደብ ያልፉ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በእግራቸው የሚመጡ ምእመናን ወደ መካ ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁት እዚህ ነበር። ከነዚህም አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ስንቃቸውን ለማግኘት በገዳሪፍ አካባቢ እርሻ እየሠሩ ቆይተው በዚያው ቀርተዋል። ደሴቱን ከየብስ ጋር ያገናኘው ድልድይ በ1870ዎቹ ዓመታት ተሠራ።

የስዋኪን ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ኮራል በሞቃት ባሕር ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ከሰውነታቸው በሚያመነጩት ኖራ የሚገነቡት ድንጋይ ነው። ሲቆረጥ የማያስቸግር፣ ቀላልና ነጭ በመሆኑ ለግንብ ይመቻል። ነገር ግን በየጊዜው በኖራ ካልተለሰነ እርጥበትና ጨው ገብተውበት ይፈረፈራል። ስለዚህ በስዋኪን አንድ ቤት ቆሞ የሚኖረው ሰው እስካለበት ድረስ ብቻ ነው።

ሰው ከስዋኪን ለምን ወጣ? የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ በቀይ ባሕር የሚያልፉት መርከቦች በመጠን እየገዘፉ ሄዱ። ወደ ስዋኪን የሚያስገባው ሰርጥ ግን ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ወገን በኮራል የታጠረ በመሆኑ ለትልልቅ መርከቦች አይመችም። እንግሊዞችም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ፣ ጥልቅና ሰፊ መግቢያ ባለው ስፍራ አዲስ ወደብ መሥራት ጀመሩ። ፖርት ሱዳን በ1909 ተመርቆ ሲከፈት ነጋዴው፣ ጸሐፊውና ጫኝ አውራጁ እየተከተሉ ወደዚያ ሄዱ። ጠጋኝ ያጡት ቤቶችም አንድ በአንድ ፈረሱ። ከደሴቱ ማዶ በየብስ ላይ ያለው ከተማ ግን አልጠፋም፤ ወደ ጅዳ የሚሻገሩ መንገደኞች መርከብ የሚሳፈሩበት ወደብ ሆኖ ቆይቷል።

ከስዋኪን እስከ ፖርት ሱዳን ያለው መንገድ በአንድ ወገን ተራሮቹን፣ በሌላው ወገን ባሕሩን እያሳየ ይጓዛል። የቀይ ባሕር ውሃ ጥራት ጎብኚውን ያስደንቀዋል። ምክንያቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ ወደዚህ ባሕር አለመግባቱ ነው፤ ወንዝ ከሌለ ውሃውን የሚያደፈርስ ደለል አነስተኛ ይሆናል። በአንጻሩ በየዓመቱ ከባሕሩ ላይ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ስለሚሄድ ጨዋማነቱ ከብዙ ባሕሮች ይበልጣል። የጎደለውን ውሃ የሚተካው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው ነው።

ኮራል ለመኖር ሙቀት፣ ብርሃንና ጥሩ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ቀይ ባሕር ሦስቱንም ይሰጠዋል። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕሩ ውስጥ የሚገኘው ሳንጋኔብ ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት ሲሆን፣ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጥ የመብራት ማማ ቆሞበታል። ወደ ሰሜን ያለው የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤም ዱጎንግ የተባለው የባሕር ሣር የሚግጥ አጥቢ እንስሳ መኖሪያ ነው። ሁለቱም በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪ ዣክ ኢቭ ኩስቶም በ1963 በዚህ ዳርቻ ሻዓብ ሩሚ በተባለው ስፍራ ከባሕር በታች ቤት አሠርቶ፣ ባልደረቦቹ አንድ ወር ያህል በዚያ ኖረዋል። ግዙፍ የሆነው የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መልሕቅ በአንዲት ደቂቃ የሚሰብረውን ባሕሩ መልሶ ለመገንባት የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ይፈጅበታል።

ፖርት ሱዳን በባሕር ዳር ተቀምጣ ውሃ የምትጠማ ከተማ ናት። ለመጠጥ ከምታገኘው ውሃ ብዙው ከሰሜን፣ ከተራሮቹ መካከል ከሚወርደው ከአርባዓት መውረጃ የመጣ ነበር። በ2024 በነሐሴ ወር የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የአርባዓትን ግድብ ሰብሮ ብዙ ሰዎችን ገደለ፤ መንደሮችንም ጠረገ፤ ከተማይቱም ዋናውን የውሃ ምንጭዋን አጣች። በደረቅ አገር ውሃ ሲጎድልም ሲበዛም ሰውን እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ይህ አደጋ የደረሰው ሕዝቡ በሌላ መከራ ላይ ሳለ ነው። በ2023 በሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ የሱዳን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወሩ። ሰላም ሳለ ሰሊጥና ስኳር ሲመላለስበት የነበረው አውራ ጎዳና፣ ፍራሽና ሕፃናት በጫኑ መኪናዎች ተሞላ። ገዳሪፍና ከሰላ ከማእከላዊ ሱዳን የሸሹትን እጅግ ብዙ ተፈናቃዮች ተቀበሉ። ከብዙ ዓመታት በፊት በስደት የመጡትን ያስጠለለ አገር፣ አሁን የራሱን ሕዝብ ያስጠልል ጀመር። በ2025 በግንቦት ወር መግቢያ አካባቢም ፖርት ሱዳን በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተደብድባ የነዳጅ ማከማቻዎቿ ተቃጠሉ። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የጸጥታውን ሁኔታ ማጣራት ይገባዋል።

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ የዚህ መንገድ ውበትና የነዋሪዎቹ ኑሮ በውሃ የተሳሰሩ ናቸው። ከሰላን ያለመለመው ጋሽ ነው፤ ኤርኮዊትን ያለበሳት ጉም ነው፤ ኮራሉን ያሳደገው ጥሩ ባሕር ነው። ስዋኪን የሰው እጅ ሲርቃት ፈረሰች፤ አርባዓት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ተሰበረ። ጎብኚ መልክዐ ምድሩን አድንቆ ብቻ ቢመለስ ግማሹን አየ እንጂ ሁሉንም አላየም። የሚያርፍበትን ጉድጓድ የቆፈረው፣ ግድቡን የሚጠግነው፣ በግመሉ ጀርባ ውሃ የሚቀዳው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አገሩን በእውነት ጎበኘ ይባላል። ውሃን ሳያባክን፣ ኮራልን ሳይሰብር፣ የመንገደኛን ጥማት ሳይንቅ የሚያልፍ ተጓዥም ከኋላው ለሚመጣው መንገዱን ጠብቆ ያቆይለታል።